ፍለጋ ፍቅር ሲሆን

ስፔንኛ የፍቅር ቋንቋ ነው ይባላል። እኔ የፍለጋ ቋንቋ ነው እላለሁ። ስፔናዊት እናት ልጇን «ቴ ኪዬሮ» ስትለው፣ በቁሙ ለሚተረጉም «እፈልግሃለሁ» ያለችው ይመስላል፤ እሷ ግን «እወድሃለሁ» ማለቷ ነው። ግሡ የወረደው ከላቲኑ «ኩዌሬሬ» ነው፤ መፈለግ፣ መጠየቅ። ውሎ አድሮ መሻት ሆነ፣ ከዚያም መውደድ። የእኛም «ፈለገ» ከጠፋ በግ ፍለጋ ተነስቶ መሻት ድረስ ሄዷል፤ ፍቅር ጋ ግን አልደረሰም። (ከበድ ያለው «ቴ አሞ» ስፔን ውስጥ በአብዛኛው ለፍቅረኛ ይቀመጣል፤ ሜክሲኮ ውስጥ ለእናትም ይባላል።)

ይበልጥ የሚገርመው ናፍቆታቸው ነው፦ «ቴ ኤቾ ዴ ሜኖስ»። «ኤቻር» መጣል፣ መወርወር ነው፤ ከናፍቆት ጋር ምን አገናኘው? የጆሮ ስህተት! ፖርቱጋሎች «አቻር ሜኖስ» ይሉ ነበር፤ ጎድሎ ማግኘት ማለት ነው። ስፔኖች ድምፁን ከራሳቸው «ኤቻር» ጋር ቀላቀሉት። እናም ዛሬ «ናፈቅሽኝ» የሚል ስፔናዊ፣ ሳያውቀው፣ «ብቆጥር አንቺ ጎደልሽ» እያለ ነው።