በትምህርት ቤት የሚደርስ አድልዎና የመምህራን ሥልጠና

በኢትዮጵያ ቤተሰብ ልጅ ታላቅ ሲናገረው ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ጨዋነት ነው። በእስራኤል ክፍል ውስጥ ግን አንዳንድ መምህራን «አልገባውም» ብለው ተረጎሙት። በሙሴና በሰሎሞን ዘመቻዎች (1984–85 እና 1991) ከመጡት ልጆች የብዙዎቹ ስም በዕብራይስጥ ተተካ፤ ስሙን ያወጣችውን አያት ማን ጠየቃት? ብዙው ካለማወቅ የመጣ ነበር፤ ለልጁ ግን ያው ነው።

በ2000 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ በትውልድ ምክንያት ተማሪን አልቀበልም ማለትንም ሆነ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለይቶ ማስተማርን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል። ሆኖም በ2007 በፔታህ ቲክቫ አራት የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጃገረዶች ለብቻቸው ሲማሩ ተገኙ፤ የዕረፍት ሰዓታቸው ሳይቀር የተለየ ነበር።

ሕግ የማይደርስበትን መምህሩ መማር አለበት። በቤር ሼቫ የካዬ መምህራን ኮሌጅ አይሁድና በዶዊን ዕጩ መምህራን በአንድ ግቢ ይሠለጥናሉ። ዕጩ መምህር በ2008 በሕግ የታወቀውን የሲግድን በዓል ማወቁ መልካም ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ዝም ያለውን ልጅ ሰነፍ ከማለቱ በፊት ቤተሰቡን መጠየቅ መልመዱ ነው።

በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ 53 የመፍትሔ ሐሳቦች ካቀረበ ወዲህ በፍትሕ ሚኒስቴር የፀረ ዘረኝነት ክፍል ተቋቁሟል። አድልዎ ያየ ወላጅ ወይም አያት አቤቱታውን እዚያ ማቅረብ ይችላል።