«ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል»፦ ከተማ፣ ውኃና የመንግሥት ሠራተኛ በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ



ስለ ከተማ አስተዳደር፣ ስለ ውኃ አገልግሎትና ስለ መንግሥት ሠራተኛ የወጡ ሕጎቻችንን የምናስተምረው ለየብቻ ነው። ዛሬ በአንድነት ላነሣቸው የወደድሁት ሦስቱም የሚገናኙበት ስፍራ ስላለ ነው። ያም ስፍራ በየቤታችን ያለው የውኃ ቧንቧ ነው።

ታሪኩን ከማዘጋጃ ቤት ልጀምር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ለማዘጋጃ ቤቶች ሕጋዊ መሠረት ጣለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በትእዛዝ ተቋቋመ። ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከክልሏ ውጭ፣ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ይመጣ ነበር። ነገር ግን ከተማውም ግድቦቹም በአንድ ማዕከላዊ መንግሥት ሥር ስለነበሩ ወሰኑ የሕግ ጥያቄ አልሆነም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠው። ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን ግድቦቹ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ሆኑ። አንቀጽ 49 በአገልግሎት አቅርቦትና በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም የኦሮሚያን ልዩ ጥቅም አረጋገጠና «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ብሎ ዘጋ። የከተማዋ ቻርተር በ1989 ዓ.ም. ወጥቶ በ1995 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውኃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ሰጠ። ልዩ ጥቅሙን የሚዘረዝረው ረቂቅ አዋጅ ግን በ2009 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢቀርብም ሕግ ሆኖ አልወጣም። በግድቡ አጠገብ የሚኖረው ገበሬና በቧንቧው ጫፍ ያለው የከተማ ነዋሪ አንዱ ከሌላው ምን እንደሚጠብቅ የሚነግራቸው ሕግ ሳይኖር ቀረ።

ተመሳሳይ ነገር በሠራተኛው ላይም እናያለን። አንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ እነማን እንደሆኑ መለየቱን ለሌላ ሕግ ተወ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆቻችን፣ የ1996ቱ ቁጥር 377ም ሆነ እርሱን የተካው የ2011ዱ ቁጥር 1156፣ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከተፈጻሚነታቸው ወሰን አውጥተዋል። የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ስለ ቅጥር፣ ስለ ደረጃ ዕድገትና ስለ ዲሲፕሊን በስፋት ሲደነግግ፣ የመደራጀት መብት ያላቸው እነማን እንደሆኑ አልለየም።

አንድ የቧንቧ ጥገና ሠራተኛ አስቡ። በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚተዳደር ከሆነ የማኅበር መብቱን የሚዘረዝርለት ድንጋጌ አላገኘም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚተዳደር ከሆነ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 377 የውኃ አቅርቦትን እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ የሕዝብ አገልግሎቶች ስለመደበው፣ ማኅበር ቢያቋቁምም ሥራ ማቆም ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ምክንያት አለው፤ ውኃ የተቋረጠበት ሆስፒታል ድርድር እስኪያልቅ አይጠብቅም። ነገር ግን አድማ የተከለከለ ሠራተኛ አቤቱታው በፍጥነትና በገለልተኝነት የሚታይበት መንገድ ካላገኘ ሸክሙ በአንድ ወገን ብቻ ይወድቃል።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የወጡትን አዋጆች በቁጥራቸው መዘርዘር አይበቃውም፤ ይወጣሉ ተብለው ያልወጡትንም መመርመር አለበት። በሕግ ያልተመለሰ ጥያቄ ምላሽ ሳያገኝ አይቀርም፤ በደብዳቤ፣ በመመሪያ ወይም በጉልበት ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ምላሽ ገበሬውም ሆነ ሠራተኛው በፍርድ ቤት ይግባኝ ሊልበት ይቸግረዋል።