አረንጓዴ ሻይ፦ የአንድ ቅጠል ታሪክ

ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1762 አረንጓዴና ጥቁር ሻይን ከሁለት ልዩ ልዩ ተክሎች የሚገኙ አድርጎ መደባቸው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ፎርቹን ግን በ1840ዎቹ ወደ ቻይና ተጉዞ ተክሉ አንድ፣ ልዩነቱም በአዘገጃጀት መሆኑን አረጋገጠ። ጥቁሩ በአየር እንዲጠቁር ይተዋል፤ አረንጓዴው ወዲያው በሙቀት ስለሚታከም ቀለሙን ይይዛል። የጉመሮና የውሽውሽ እርሻዎች ምርት በአብዛኛው ጥቁር ነው።

አረንጓዴው እንዳይመር ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውኃ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል። በአጅባር ደጋ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ቢፈላም፣ ለንጽሕናው ሲባል አፍልቶ ማብረድ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረት ማዕድንን ስርጸት በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። ስለሆነም የጤና ባለሙያው ደም ማነስ ያለባትን ነፍሰ ጡር ሲመክር፣ ሻዩ አረንጓዴም ሆነ ጥቁር፣ ከማዕድና ከብረት እንክብል ቢያንስ በአንድ ሰዓት እንድታርቀው ማሳሰብ ይኖርበታል።