የደላንታ ገደልና የቆፋሪዎቹ እጅ

ከደሴ ተነሥቶ በኩታበር በኩል የበሽሎን ቆላ ተሻግሮ ሽቅብ የወጣ መንገደኛ፣ ውርጭና ነፋስ የማይለዩት፣ ገብስና ምስር የሚዘራበት የወሎው የደላንታ ደጋ ይቀበለዋል። ይህ አምባ በአንድ ወገን በበሽሎ፣ በሌላው ወገን በጅጣ ሸለቆ የታጠረ ስለሆነ፣ መካከሉ ሜዳ ቢሆንም ዳርቻው ገደል ነው፤ የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችንም ይህንኑ ገደል በሁለት ዘመን የቆፈሩትን እጆች ይዘክራል።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በጋፋት ያሠሩትንና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ በጅጣ ገደል እንዲህ ያለውን ሸክም የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ቋጥኝ እየፈለጡ፣ መድፉን በገመድ አስጎትተው ወደ ደላንታ አወጡት። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በእጃቸው ባበጁት መንገድ ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ተከትሏቸው ወጣ።

ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ በወገል ጤና ከተማ አቅራቢያ ፀሐይ መውጫ በተባለው መንደር በኩል፣ ያው ምድር ሌላ ምሥጢር ገለጠ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ በተፋው አመድ መካከል፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ንጣፍ ውስጥ፣ ኦፓል የተባለው ዕንቁ ተገኘ፤ እርሱም ብርሃን ሲያርፍበት ኅብረ ቀስተ ደመና የሚያሳይ፣ ውሃ ሲጠጣ ኅብሩን የሚሰውር፣ ሲደርቅም መልሶ የሚገልጥ ድንቅ ድንጋይ ነው።

የአገሩ ወጣቶችም ዶማና መዶሻ ይዘው ከገደሉ ወገብ ጠባብ ዋሻ እየሠነጠቁ ያወጡት ዕንቁ በደሴ ነጋዴዎች በኩል አልፎ በዓለም ገበያ የወሎን ስም አስጠራ። ነገር ግን ንጣፉን ተከትሎ ወደ ውስጥ በተጠለቀ ቁጥር ከላይ ያለው ዐለት ድጋፍ ያጣልና፣ ብዙዎች ፍርስራሽ ተጭኗቸው አልፈዋል፤ በ2016 ዓ.ም. እንኳ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች በውስጡ ታፍነዋል።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ፤ ገመዱን የጎተቱት ግን ስማቸው አልተጻፈም። ዕንቁውን የሚያወጡት ልጆቻችን ዕጣ ከእነርሱ የተለየ እንዲሆን፣ ዋሻው ምሰሶ፣ ድካማቸውም ተገቢ ዋጋ ያግኝ፤ ዝክራቸውም ገና በሕይወት ሳሉ ይጀመር እንላለን።