ዘብ ገዳዩ ሻጋታ
እስቲ ወደ ፓሪስ ልውሰዳችሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1890 አካባቢ ነው። ገበያው የሰባ እርግብ ይፈልጋል፤ እርግብ ማድለብ እንጀራቸው የሆነ ሰዎችም ነበሩ። አቀላለባቸውን ስሙልኝማ! ጥራጥሬውን ከውኃ ጋር ጉንጫቸው እስኪነፋ ይጎርሱታል። የእርግቧን መንቁር አፋቸው ውስጥ ያስገቡና እህሉን በትንፋሽ ወደ ጉሮሮዋ ይገፉታል። እሷን ለቀው ሌላዋን ያነሳሉ። ቀኑን ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው።

ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ያስላቸው፣ ደም ያስተፋቸው፣ ያከሳቸው ጀመር። «ሳንባ ነቀርሳ ነው» ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ዲዩላፎይ፣ ሻንትሜስና ቪዳል የተባሉ ሐኪሞች ግን አክታውን ቢመረምሩ የነቀርሳውን ባክቴሪያ አጡት። ያገኙት ሻጋታ ነበር፤ ከእህሉ ጋር አብሮ የገባ ነው ተባለ። ዛሬ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ እንለዋለን።

ይህ ሻጋታ የሌለበት የለም፤ ብስባሽ ቅጠል ላይ አለ፣ ድርቆሽ ውስጥ አለ። ዘሩ የሚሊሜትር 2 ወይም 3 ሺህኛ ቢያህል ነው። እኔም እናንተም ስንስበው እንውላለን። ጤነኛ ሳንባ ውስጥ ግን ዘብ አለ፤ ነጭ የደም ሴሎች ለቃቅመው ይበሉታል።

ሻጋታውም ለዘቡ መላ አለው፤ ግሊዮቶክሲን የሚባል መርዝ። መርዙን እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ ዋይንድሊንግና ኤመርሰን የለዩት ከሌላ የአፈር ሻጋታ ነው፤ ያ ሻጋታ ሌሎች ሻጋታዎችን ይገድልበት ነበር። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ፉሚጋተስም መርዙን የተማረው እዚያው አፈር ውስጥ ሲሻማ እንጂ የእኛን ሳንባ አስቦ አይደለም። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ነጭ የደም ሴሎቹ ሻጋታ የሚያቃጥሉበትን ኬሚካል እንዳያመነጩ ያግዳቸዋል፤ ብሎም ይገድላቸዋል። ራሱንስ አይመርዘውም? ብልጥ ነው፤ መርዙን የሚያከሽፍለት ኤንዛይም አለው።

ተመራማሪዎች መርዙ የሚሠራበትን ጂን አጥፍተው አይጦች ላይ ሞከሩት። ነጭ የደም ሴላቸው አስቀድሞ የተሟጠጠባቸውን አይጦች መርዝ አልባው ሻጋታም እንደ መርዘኛው ገደላቸው። ስቴሮይድ የተሰጣቸው፣ ዘባቸው ደከመ እንጂ ያላለቀባቸው አይጦች ላይ ግን የመርዝ አልባው ገዳይነት ቀነሰ። በፊተኞቹ ሳንባማ መርዙ ቢኖርስ የሚገድለው ዘብ የት ነበረና?