ሰነድ የጎደለው የታክስ ማስታወቂያ

ሰነድ የጎደለው የታክስ ማስታወቂያ ማለት የዓመቱን ገቢና ወጪ የሚያስረዳ ደረሰኝ፣ ውል ወይም የሂሳብ መዝገብ ሳይሟላ ለግብር መሥሪያ ቤት የቀረበ ማስታወቂያ ነው። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩ የሚመራው በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ስለሆነ፣ የእንፍራንዝ ባለሱቅ ግብሩን የሚከፍለው ለአማራ ክልል ነው።

ውጤቱ

በማስረጃ ያልተደገፈ ወጪ ከገቢ ላይ አይቀነስም። ስለዚህ ነጋዴው በእርግጥ ያወጣው ገንዘብ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ይጣልበታል። ማስታወቂያው ጨርሶ ካልቀረበ መሥሪያ ቤቱ ባገኘው ማስረጃ ግብሩን በግምት ይወስናል። መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ግዴታውን ካልተወጣ፣ በአዋጁ መሠረት ከሚፈለግበት ታክስ 20 በመቶ ይቀጣል።

ማሻሻያና ቅሬታ

ሰነዱ ዘግይቶ ከተገኘ፣ ወይም ቅጂው ከሻጩ ከተገኘ፣ ግብር ከፋዩ ስሌቱ እንዲሻሻል ማመልከት ይችላል። በውሳኔ ቅር የተሰኘ ደግሞ ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ቀጣዩ ደረጃ የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ነው። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ስለሆነ፣ ሰነድ የጠፋበት ሰው በክርክሩም ይቸገራል።