ኦሲሪስ፣ የዓባይ ደለልና ልፋፈ ጽድቅ

የጥንት ግብፃውያን ለሙታን ንጉሥ አንግሠውላቸው ነበር። ይህ ንጉሥ ኦሲሪስ ይባላል። በአፈ ታሪኩ እንደሚነገረው ኦሲሪስ በገዛ ወንድሙ በሴጥ እጅ በግፍ ተገደለ፤ ሚስቱ ኢሲስ ከእህቷ ከኔፍቲስ ጋር እያለቀሰች አካሉን ፈልጋ አገኘች፤ አኑቢስ ገነዘው፤ ልጁ ሆረስም የአባቱን ዙፋን አስመለሰ። ኦሲሪስ ግን ወደ ሕያዋን ዓለም አልተመለሰም። ከሞት ባሻገር ባለው ዓለም ገዥና ዳኛ ሆኖ ቀረ። በሥዕሎቹ ሁለቱ አልቃሾች በጭልፊት ተመስለው በአስከሬኑ ራስጌና ግርጌ ይታያሉ። የደብረ ማርቆስንና የአካባቢውን ልቅሶ፣ የአልቃሾቹንም ሙሾ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም።

ይሁን እንጂ ለእኛ ከልቅሶው ይልቅ የሚቀርበን የአምላኩ ገላ ነው። ኦሲሪስ በሥዕል ሲቀርብ ፊቱ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነው፤ ጥቁሩ የለም አፈር፣ አረንጓዴው የቡቃያ ቀለም ነው። ግብፃውያን አገራቸውን ከሜት፣ ማለትም ጥቁሪቱ ምድር፣ ብለው የሰየሙት በዚሁ አፈር ነው። አፈሩስ ከየት መጣ? ክረምት በገባ ቁጥር ከጮቄ ተራሮች የሚነሡት እነ ጨሞጋና ሙጋ ደፍርሰው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ዓባይና ተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርገው የወሰዱት ደለል ነው በናይል ዳርና ዳር ሲነጠፍ የኖረው። ግብፃውያን ክያክ በሚሉት ወር፣ ዛሬ በቅብጦች አቆጣጠር ከእኛ ታኅሣሥ ጋር በሚገጥመው ማለት ነው፣ ካህናቱ ጭቃና እህል ለውሰው የኦሲሪስን ምስል ይሠሩ ነበር። እህሉ ሲበቅል አምላኩ ተነሣ ይባላል። በ1922 እ.ኤ.አ. በተገኘው በቱታንካመን መቃብር ውስጥ በኦሲሪስ ቅርጽ የተሠራ፣ አፈር ተሞልቶ እህል የበቀለበት የእንጨት መደብ ተገኝቷል። የጎጃም ገበሬ ከማሳው የተነጠቀው አፈር በሌላ አገር አምላክ ሆኖ ይሰገድለት እንደ ነበር ማን ነገረው? በ1970 እ.ኤ.አ. የአስዋን ታላቅ ግድብ ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ወደ ግብፅ ማሳ መዝለቁን አቁሟል፤ ደጋችን ግን ዛሬም ይታጠባል።

ወደ ችሎቱ እንለፍ። ሟቹ በ42 ዳኞች ፊት ቆሞ ያልሠራቸውን ኃጢአቶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ልቡ በሚዛን ላይ ተቀምጦ ከእውነት ላባ ጋር ይመዘናል። አኑቢስ ሚዛኑን ያስተካክላል፣ ቶት ፍርዱን ይጽፋል፣ ጭንቅላቷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ወገቧ ጉማሬ የሆነች አውሬ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ከሁሉ የሚገርመው ሟቹ ለገዛ ልቡ የሚያቀርበው ልመና ነው፤ በችሎቱ ፊት እንዳይመሰክርበት ይማጸነዋል። ለተውኔት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ከየት ይገኛል! በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የሚሣለው የበላዔ ሰብእ ሚዛን ግን ሌላ ነው። 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው ለተጠማ ደሃ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ይመዘናል፤ እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልበት ውኃው ይደፋል። በግብፅ ሚዛን እውነት ይፈርዳል፤ በእኛው ምሕረት ጣልቃ ይገባል።

የዚህ ሁሉ ተስፋ ተጠቃሚ ማን ነበር? በመሠረቱ ገዥው መደብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ24ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ውስጥ በተቀረጸው ጽሑፍ ከኦሲሪስ ጋር አንድ የሚሆነው ንጉሡ ነው። ቆይቶ መኳንንቱ በሬሳ ሣጥናቸው ላይ አስጻፉት። በመጨረሻም ዋጋውን የቻለ ሁሉ በፓፒረስ የተዘጋጀውን «መጽሐፈ ሙታን» ይገዛ ጀመር። አኒ የተባለው ጸሐፊ ጥቅልል አብዛኛው ቀድሞ ተጽፎ ለስም ክፍት ቦታ ተትቶለት እንደ ነበር ይታያል። ጭሰኛው ግን ያለ መጽሐፍ ተቀበረ።

ይህን የአኒን ጥቅልል በ1888 እ.ኤ.አ. ለብሪታንያ ሙዚየም የገዛው ዋሊስ ባጅ፣ በ1929 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልፋፈ ጽድቅን አሳትሞ «የኢትዮጵያ መጽሐፈ ሙታን» አለው። በሙዚየሙ የነበሩት የግእዝ መጻሕፍት ትልቁ ክፍል በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፈ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ተገቢ ነው። ልፋፈ ጽድቅ ሟቹ ከአስከሬኑ ጋር የሚቀበርለት፣ የሥውር አስማት ኃይል ከሲኦል ደጅ ያሳልፈዋል ተብሎ የሚታመንበት ጽሑፍ ነው። ግብፃዊውም የበር ጠባቂዎችን ስም ጠርቶ ነበር የሚያልፈው። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ባጅ ከዚህ ተነሥቶ የእኛን የግብፅ ቅጂ ለማስመሰል መሞከሩ ግን አያሳምንም። በሁለቱ መካከል ረጅም ዘመን አለ፤ የልፋፈ ጽድቅ ታሪክም ድንግል ማርያም ስለ ወላጆቿ ነፍስ ልጇን ከመለመኗ የሚነሣ ክርስቲያናዊ ታሪክ ነው። ሞትን የሚፈራ ሕዝብ ሁሉ ስም ይፈልጋል፣ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ አማላጅ ይፈልጋል። የአኒን ጥቅልል የግብፅ ደረቅ አሸዋ ጠብቆ አቆየው። የጎጃም ዝናብ ግን በግንዝ የተጠቀለለውን ብራና አይምርም፤ ዛሬ በልፋፈ ጽድቅነት የምናነባቸው ጽሑፎች ከባለቤታቸው ጋር ሳይቀበሩ የቀሩት ናቸው።